የበረንዳዋ ተወካይ

ሲሊካን የሴቶች ተወካይ አድርገው የመረጧት ሴቶቹ ራሳቸው ናቸው። በኋላ ይህን ሁሉም የረሳ መስሏል፤ እኔ ግን አልረሳሁም።

ነገሩ የመጣው ከዋና ከተማው ነው። የባሕር ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ደሴቲቱ ላይ ላለችው ለፌታኡ መንደራችን እንዲህ ብሎ ላከ። ከባሕራችሁ የተወሰነውን ከልሉ፤ ዓሣ ይራባበት፣ ማንም አይንካው። ቀሪውን ለእናንተ ብቻ እናደርግላችኋለን፤ የሌላ ደሴት ጀልባ ድርሽ አይልበትም። የሚከለለውን ቦታ እኛ አንመርጥላችሁም፤ ባለድርሻ አካላት ተሰብስባችሁ ራሳችሁ ምረጡ። ኮሚቴም አቋቁሙ፤ በኮሚቴው ውስጥ ቢያንስ አንዲት ሴት ትኑርበት። ባለድርሻ አካላት የሚለውን ነገር እኛ ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ የሰማነው። ሲሰሙት ደስ ይላል፤ ሁሉም ሰው ድርሻ ያለው ይመስላል።

ሴቶቹ የመከሩት እዚያው ሜዳው ላይ ሆነው ነው። ሜዳ የምንለው ከመንደሩ ፊት ለፊት እስከ ኮራሉ፣ ከባሕሩ ሥር እስከሚበቅለው ድንጋይ ጠርዝ የተዘረጋውን፣ ባሕሩ ሲሸሽ ከቁርጭምጭሚት የማያልፈውን ውሃ ነው። ወንዶቹ ጀልባ ስላላቸው ከኮራሉ ማዶ ወጥተው ትልልቁን ዓሣ ይይዛሉ። ሴቶቹ ያላቸው ባልዲ፣ ቢላዋና እግራቸው ነው። ዛጎሉም፣ ኦክቶፐሱም፣ የሚበላው የባሕር ሣርም የሚለቀመው ከሜዳው ነው፤ ጀልባ በሌለበት ቤት ልጆች የሚያድጉት በዚህ ነው። የቫሲቲ ቤት እንዲያ ያለ ቤት ነው። ባሏ ፍራፍሬ ለቀማ ብሎ ኒው ዚላንድ ሄዶ እዚያው ቀልጦ ቀርቷል።

"ሲሊካ ትሁን፤" አለች ቫሲቲ፣ ጎንበስ ብላ ድንጋይ እየገለበጠች።

"እኔ? ምን አውቄ?" አለች ሲሊካ።

"ማወቅሽን ማን ጠየቀሽ? የሹሙ እህት ነሽ፣ ይበቃል።"

ሴቶቹ ሳቁ፤ ግን ነገሩ ገብቷቸዋል። የመንደሩ ሹም ፊሊሞኔ የሲሊካ ታናሽ ወንድም ነው። በእኛ ዘንድ ደግሞ እህት ከወንድሟ በላይ ናት። ሹም ይሁን መጋቢ፣ እህቱ አንድ ነገር ከጠየቀችው እምቢ የሚል ወንድ የለም፤ ቢኖርም ስሙን የሚያነሳው አይኖርም።

"እሱስ ልክ ነሽ፤ ግን እንዴት አድርጌ ነው አንድ ቤት ውስጥ አብሬው የምሰበሰበው?" አለች ሲሊካ።

ይህም እውነት ነው። ያው ክብር ሌላ ፊት አለው። እህትና ወንድም ጎረምሳና ኮረዳ ከሆኑ ወዲያ አንድ ክፍል ውስጥ አይቀመጡም፤ ፊት ለፊት አያወሩም፤ አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል። በከተማው እየቀረ ነው ይላሉ። በፌታኡ አልቀረም።

"በረንዳው ላይ ትቀመጫለሻ፤" አለች ቫሲቲ። "መስኮቱ ክፍት ነው፣ ጆሮሽም ጤነኛ ነው። ሜዳውን ሊነኩ ሲሉ አንድ ቃል ትልኪበታለሽ። 'እህትህ ሜዳውን ተው ብላሃለች።' በቃ። ለጥ ብሎ ይተወዋል።"

"በዚያ ሁሉ ሰው ፊት?"

"በሰው ፊት ካልሆነማ ምን ዋጋ አለው?"

ሲሊካ በሆዷ ቃል መላክ ድረስ አይደርስም ብላ ነበር። ፊሊሞኔ ሳይጠየቅ የሚሰጥ ወንድም ነው። ገና ልጅ ሳለ የመጀመሪያ ዓሣውን የያዘ ቀን ሳይቀምሰው ለእሷ ነው የላከላት። ባሏ የሞተ ጊዜ ጣሪያዋን ሲጠግን የከረመው እሱ ነው፤ እሷ ከቤት ስትወጣ ጠብቆ ይመጣል፣ ሳትመለስ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ሰው የእህቱን ሜዳ አሳልፎ አይሰጥም። እንዲህ ብላ አሰበች፤ ማንም በእሷ ቦታ ቢሆን እንዲሁ ያስብ ነበር።

የስብሰባው ቀን ወንዶቹ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ወገባቸውን የክብር ልብስ በሆነው ሰሌን ታጥቀው፣ ካቫ የሚባለው የሥር መጠጥ የሚቀዳበትን ገበታ ከበው ተቀመጡ። ካቫ ሳይጠጣ ነገር አይጀመርም፤ ከተጠጣ በኋላ ደግሞ ማንም አይቸኩልም። ከመሥሪያ ቤቱ የመጣው ሴሚሲ የሚባል ወጣት የባሕራችንን ካርታ ግድግዳው ላይ ለጠፈ። ሴሚሲ የእኛው አገር ልጅ ስለሆነ ደንቡን ያውቃል፤ ሲሊካን በረንዳው ላይ ሰሌኗን አንጥፋ ሲያያት አልገረመውም። ወጣ ብሎ ስልኩን አነጣጠረባት።

"እማማ ሲሊካ፣ ትንሽ ወደ መስኮቱ ጠጋ ይበሉልኝ።"

"ለምኑ ነው ልጄ?"

"ከውስጥ ያሉ እንዲመስል ነው።"

ጠጋ አለች፤ ፎቶ አነሳት።

ከዚያ ውስጥ ገብቶ ስለ ዓሣ መራቢያ ጥሩ አድርጎ አስረዳ። ክፉ ልጅ አልነበረም። የት ይከለል ብሎ ሲጠይቅ ግን ሁሉም የካቫ ጽዋውን ተመለከተ። አንዱ በምሥራቅ በኩል ካለው ኮራል ማዶ ይሁን አለ። ባለጀልባዎቹ አጉረመረሙ።

"እዚያ ከከለላችሁማ ጀልባዬን ለዶሮ ማደሪያ አደርጋታለኋ፤" አለ አንዱ፤ ሳቁለት። ሌላው በደቡብ በኩል ያለውን ጠራ፤ እሱንም እንዲሁ በሳቅ አለፉት። እየዞረ እየዞረ የአንድም ባለጀልባ ውሃ ያልሆነ ቦታ ጠፋ።

"ሜዳውስ?" አለ በመጨረሻ በዶሮ ማደሪያ የቀለደው ሰውዬ። "ለጠባቂም ይመቻል፣ ቁጭ ብሎ ከበሩ ላይ ያየዋል። እዚያ የሚውል ወንድ የለ። የሴት ውሃ ነው።"

ቃሉ ሲሊካ አፍ ላይ ነበር። ሴሚሲን በእጇ ጠራ ማድረግ ብቻ ነው የሚጠበቅባት። ግን ወንድሟ ቀድሞ እምቢ እንዲል ጠበቀች፤ እሱ ካለው እሷ በሰው ፊት ማዘዝ አይኖርባትም። መናገር ሲጀምርም የጠበቀችው የሆነላት መሰላት።

"በረንዳው ላይ እህቴ አለች፤" አለ ፊሊሞኔ፤ ሁሉም ቀና ቀና ብሎ ተቀመጠ። "ባሏ ከሞተ ጀምሮ በዝናቡም በፀሐዩም ከውሃ ውስጥ አትወጣም። እኔ ጀልባ ያለኝ ሰው፣ ደጄ ላይ ተቀምጬ እህቴ ለአንድ ባልዲ ዛጎል ስትለፋ አያለሁ። ይሄ የማንም ነውር አይደለም፣ የእኔ ነው። ሜዳው ይከለል። ከዛሬ ጀምሮ እህቴ ውሃ ውስጥ አትቆምም። በየቅዳሜው ከጀልባዬ የሚወጣው ምርጥ ዓሣ የእሷ ነው። እኔ ብሞት ልጄ ያመጣላታል።"

መጨረሻው ላይ ድምፁ ተሰበረ። ወንዶቹ አበጀህ፣ እንዲህ ነው ወንድም አሉት፤ አንድ ሽማግሌ ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። ከአንጀታቸው ነበር። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው፤ አንዳቸውም አልዋሹም።

ወንድሟ ቢያታልላት ኖሮ ሲሊካ ምን እንደምትል ታውቅ ነበር። እሱ ግን አላታለላትም፤ አክብሯት ነው። ወዲያው ሴሚሲ በመስኮቱ አንገቱን ብቅ አደረገ።

"እማማ ሲሊካ፣ ሰምተዋል አይደል? የሴቶቹ ሐሳብ ምንድን ነው? ይስማማሉ?"

ውስጥ ያለው ሁሉ ጆሮውን ወደ መስኮቱ ጣለ። አሁን ተው ብትለው፣ ወንድሟ እንባ እየተናነቀው የሰጣትን ስጦታ በእንግዳ ፊት መልሳ ፊቱ ላይ መወርወሯ ነው። ይህን የሚሰማ ሰው ለልጅ ልጁ ያወራዋል። እንደዚያም ቢሆን ልትለው ይገባ ነበር፤ እሷም ይህን ኋላ ሺህ ጊዜ ብላዋለች። ያን ጊዜ ግን ከአፏ የወጣው ከልጅነቷ ጀምሮ ወንድምሽ ሲሰጥሽ በይው ተብላ የተማረችው ነበር።

"ወንድሜ ካለ እኔ ምን እላለሁ።"

"እግዚአብሔር ይስጥልን፤" አለ ሴሚሲ፣ አንገቱን መልሶ። "ሴቶቹም ተስማምተዋል።"

ለሴቶቹ ራሷ ሄዳ ነገረቻቸው፤ ይህን ለማንም አልተወችም። ባሕሩ ዳር ቆመው ሰሟት። ሎሴ የምትባለው፣ ሁልጊዜ የምትስቀው ሴትዮ፣ ቀልድ መስሏት ትንሽ ሳቀችና ተወችው። ቫሲቲ ባልዲዋን መሬት ላይ አስቀመጠች።

"አንድ ቃል ነበር እኮ ያስያዝንሽ፤" አለች።

"በሰው ፊት እንዴት አድርጌ ላዋርደው? እያለቀሰ እኮ ነው የተናገረው፣ ቫሲቲ።"

"ጥሩ ነው። ልጆቼ እራት ሲሉኝ ሹሙ አልቅሷል እላቸዋለሁ።"

"እኔ ለራሴ ብዬ መሰለሽ?"

"ለማን ብለሽ እንደሆነ እንጃ። ዓሣው ግን የሚመጣው እናንተ ቤት ነው።"

ቫሲቲ ያለችው ልክ አልነበረም፤ እውነት ግን ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ሜዳው ዳር ዳሩን ምሰሶ ተተከለበት፤ በየምሰሶው ነጭ በርሜል ታሰረበት። የፊሊሞኔ ልጅ ሳሌሲ ጠባቂ ሆኖ ዓሣ የተሳለበት ሸሚዝና ፊሽካ ተሰጠው። ሳሌሲ ትሁት ልጅ ነው፤ ፊሽካውን ሲነፋ እንኳ ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስላል። ሎሴ የሰሌን መሥሪያ ቅጠሏን እንደ ዱሮው ሜዳው ውስጥ ልትዘፈዝፍ ስትል አስቆማት።

"ቅጠል ዓሣ ነው እንዴ?" አለችው።

"እኔም እንጃ እትዬ። ከተማ ልጠይቅ።"

ጠየቀ። ከከተማ መልስ አልመጣም። ቅጠሉ ግቢዋ ውስጥ እንደ ደረቀ ቀረ።

ቅዳሜ ደግሞ ሳሌሲ ከኮኮናት ቅጠል በተሠራ ቅርጫት ዓሣ ይዞ መጣ። በጓሮ በኩል ቢመጣ ምን ነበረበት። ግን የእህት ስጦታ በጓሮ አይገባም፤ በዋናው መንገድ፣ በየሰው ደጅ፣ ሁሉም እያየው ነው የሚሄደው። ቀያይ ዓሦች፣ ሰማያዊ ዓሦች፣ ገና ዓይናቸው ያልፈዘዘ። የወንድም ስጦታ መመለስ ደግሞ ዝምድና መበጠስ ነው፤ ሲሊካ ያን የማድረግ አቅሙም ልቡም አልነበራትም። ተቀበለች። ከዚያ ምርጥ ምርጡን መርጣ፣ በጎደሬ ቅጠልና በኮኮናት ወተት ሠርታ፣ ለቫሲቲ ይዛላት ሄደች።

ቫሲቲ ሳህኑን በሁለት እጇ ተቀበለቻት። አመሰገነቻትም። ከዚያ ሲሊካ ዓይኗ እያየ ወደ ጓሮ ሄዳ ለአሳማዋ ገለበጠችለት።

"ይብላ፤" አለች። "እሱም ባለድርሻ አካል ነው። ስብሰባ ስላልተጠራ ነው እንጂ።"

ትንሹ ልጇ በሩ ላይ ቆሞ አሳማውን ያይ ነበር። ሲሊካን አንጀቷን ያሳረራት የቫሲቲ ምላስ ሳይሆን የልጁ ዓይን ነው። ቫሲቲም አይታዋለች፤ ሳህኑን አጥባ መለሰችላት። እንግዲህ ኩራትም ያስርባል፤ እዚህ ድረስ የወሰዳቸው ማን እንደሆነ ግን ማንም አይጠይቅም።

ከዚያ በኋላ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስትገባ የሴቶቹ ወንበር አይሞላም፤ እሷ የተቀመጠችበት ጫፍ ክፍት ሆኖ ይቀራል። የባሎቻቸው ጀልባ ደጅ የቆመላቸው ሴቶች ያወሯታል፤ እነሱ ግን ዱሮም ሜዳው ላይ አብረዋት ውለው አያውቁም። አብረዋት ያረጁት፣ የባሕር ጃርት ሲወጋት እሾኹን ከእግሯ በጥርሳቸው ነክሰው ያወጡላት፣ ባሏ የሞተ ጊዜ ውሃ ውስጥ ቆመው አብረዋት ያለቀሱት ሲያዩዋት መንገድ ይለውጣሉ። ሲሊካ ዓሣውን ለብቻዋ ትበላለች። ሆድ ይብሳታል፤ ትበላለች።

አንድ ቀን አላስችል ሲላት የወንድሟን ሚስት ኤሌኖአን አስጠራቻት። ለወንድም የሚላክ ቃል በሚስቱ በኩል ነው የሚሄደው።

"እትዬ፣ ደህና ነዎት?" አለች ኤሌኖአ፣ ከደጁ ዝቅ ብላ።

"ደህና ነኝ። ለፊሊሞኔ ንገሪልኝ። ዓሣው ይብቃኝ፣ ሜዳውን ለሴቶቹ ይክፈትልኝ በይው። እህትህ ብላሃለች በይው።"

"እሺ እትዬ።"

እንግዲህ በመጨረሻ ቃሉ ተላከ። ከስብሰባው በኋላ፣ ሰው በሌለበት፣ በጓዳ። መልሱ በማግስቱ መጣ። ኤሌኖአ ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

"እትዬ፣ ሌሊቱን ሲያለቅስ አደረ፤" አለች። "ዓሣው አንሷት ነው፤ አንሶኛል ማለት ስላፈረች ነው እንጂ እህቴ እንዲህ ያለ ነገር አትጠይቅም አለ። እሷን ውሃ ውስጥ ከማይ ዓይኔ ይጥፋ አለ።"

"ስለ እኔ አይደለም እኮ። ስለ ሌሎቹ ነው።"

"ነገርኩት። ሌሎቹ ሴቶች ወንድም የላቸውም ወይ አለ።"

በቀጣዩ ቅዳሜ ሳሌሲ ሁለት ቅርጫት ይዞ መጣ።

ሴሚሲ ሲመለስ ደግሞ ከከተማ የታተመ መጽሔት አመጣላቸው። ሽፋኑ ላይ ሲሊካ አለች፤ መስኮቱ ጥግ፣ ወገቧን አስጊጣ፣ ከበስተኋላዋ ወንዶቹ ይታያሉ። ከውስጥ ያለች ትመስላለች። ይዛው ጀልባው ድረስ ተከተለችው።

"ልጄ፣ ያን ቀን ያልኩህን ብመልሰውስ? ሴቶቹ አልተስማሙም ነበር። እኔ ነኝ ዝም ያልኩት።"

ሴሚሲ አዘነላት፤ ማዘኑ ይታይ ነበር።

"እማማ፣ ጸድቋል እኮ። አሁን የሚሻሻለው በሚቀጥለው የምክክር ዙር ነው። ያኔ ሐሳብዎን ይሰጣሉ።"

"ያኔ መቼ ነው?"

"ይገለጻል።"

ጀልባው ሞተሩን አስነሳ።

በዓመት ውስጥ ባሕሩ እጅግ የሚሸሽበት ወቅት መጣ። በጠራራ ፀሐይ ሜዳው እስከ ኮራሉ ጠርዝ ድረስ ገላጣ ሆኖ፣ ድንጋዩ ሁሉ ከነሣሩ ወጥቶ ይታያል። በእንዲህ ያለ ቀን ቤት የምትቀመጥ ሴት ዱሮ አልነበረችም። ሲሊካ ከደጇ ሆና ቫሲቲ ባልዲዋን ይዛ ስትወርድ አየቻት። ከኋላዋ ሎሴ፤ ከሎሴ ኋላ ሌሎቹ። ማንም አልተደበቀም፤ የነጩን በርሜል መስመር በቀጥታ አለፉት። የተያዘ ሰው ቅጣቱ ይታወቃል። የለቀመው ተደፍቶ፣ ባልዲውና ቢላዋው ይወሰድበታል፤ ሰኞ በመንደሩ ጉባኤ ስሙ ይጠራል። በእኛ መንደር ስም ከመጠራት እስራት ይሻላል።

ሲሊካ የወሰነችው ያን ጊዜ ነው። ባልዲዋን ከጣሪያው ሥር አወረደች፣ ቢላዋዋን ወገቧ ላይ ሻጥ አደረገች፣ ወረደች። ውሃው እግሯን ሲነካት ሳታስበው ተነፈሰች። ቫሲቲ ቀና ብላ አየቻት።

"ምነው? ቅርጫቱ ጎደለ?"

"ከእናንተ ጋር ልያዝ ነው የመጣሁት።"

"ለመያዝም ተወካይ አለን?"

"ስሜ ከስማችሁ ጋር ይጠራ ነው የምለው። ሌላ ምንም አልልሽም።"

ቫሲቲ በእግሯ አንድ ድንጋይ ነካ አደረገች።

"እዚህ ሥር አለ፤ አሁን ገብቷል፤" አለች። "አንቺ በዚያ በኩል ያዢው።"

ሁለቱ ጎንበስ ብለው ኦክቶፐሱን አወጡት። ሲሊካ ክንድ ላይ ሲጠመጠም ሎሴ የዱሮ ሳቋን ሳቀች፤ ሲሊካም ሳቀች። ያቺን ሰዓት እንደ ልጅ ነበረች። ለቫሲቲ ብትሰጠው ቫሲቲ እምቢ አለች፤ ያንቺ ነው፣ አንቺ ነሽ የያዝሽው አለቻት። ዛጎልም ለቀመች። ባልዲዋ ሞላ። የፊሽካው ድምፅ ሲሰማ ማንም አልሮጠም።

ሳሌሲ ሸሚዙን ለብሶ በውሃው ውስጥ እየተንቦጫረቀ መጣ። ፊቱ የሚያሳዝን ነበር። ከሎሴ ጀመረ፤ ይቅርታ እትዬ እያለ ባልዲዋን ወሰደ፣ ዛጎሉን ውሃው ላይ ደፋ፣ ቢላዋዋን ተቀበለ። ወደሚቀጥለዋ ሄደ። ቫሲቲ ጋ ሲደርስ እሷ ራሷ ደፋችውና ባዶውን ባልዲ አቀበለችው። ከዚያ ሲሊካ ጋ ደረሰና ቆመ። ከፊቷ ዝቅ አለ፤ የሱሪው ጉልበት ውሃ ነካ።

"አክስቴ፣ እርስዎ ምን ሊያደርጉ ወረዱ? ፀሐዩ ይጎዳዎታል እኮ።"

ሲሊካ ባልዲዋን ዘረጋችለት።

"እንካ። የእነሱን እንደደፋህ የእኔንም ድፋው። ሰኞም ስሜን ጥራው።"

ሳሌሲ ዙሪያውን አየ። ሴቶቹ ሁሉ ያዩታል። እህት ከወንድሟ በላይ ከሆነች፣ ለወንድሟ ልጅማ ምን ልትሆን እንደምትችል አስቡት። እሷ ፊት ቀና ብሎ አይቆምም፤ ከእጇ ነጥቆ ሊደፋ ቀርቶ።

"በየት ዓይኔ አክስቴ?" አለ በለሆሳስ። "የእርስዎን ስም ጠርቼ አባቴ ፊት እንዴት እቆማለሁ?"

"እኔ ነኝ ያዘዝኩህ። ለአክስትህ እምቢ ትላለህ?"

ሳሌሲ ላብ አጠመቀው። አሰበ፤ አሳቡ ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር። ከዚያ ባልዲውን በሁለት እጁ ተቀበላት። ሲሊካ ለአንድ አፍታ ተሳካልኝ ብላ አመነች። እሱ ግን ባልዲውን እንዳይፈስ ተጠንቅቆ ትከሻው ላይ አወጣው።

"ይከብድዎታል፤ እኔ ቤት አደርስልዎታለሁ፤" አለና ወደ ባሕሩ ዳር መራመድ ጀመረ። የሴቶቹን ባዶ ባልዲዎች በሌላኛው እጁ አንጠልጥሏቸዋል።

"ሳሌሲ፣ ድፋው ነው ያልኩህ።"

"እሺ አክስቴ፤" አለ ሳይቆም። "ቤት ስንደርስ።"

እየተደናቀፈች ተከተለችው። ሴቶቹ ቀድመው ወጥተው የመንደሩን መንገድ ይዘዋል፤ ቀሚሳቸው እየተንጠባጠበ፣ እጃቸው ባዶ። የሳሌሲን እግር ኮቴ ሰምታ ቫሲቲ ዞር አለች። ትከሻው ላይ ያለውን ባልዲ አየች፤ ከኋላው ሲሊካን አየች። ከመንገዱ ወጣ አለችና እግሯን አጣጥፋ አፈሩ ላይ ተቀመጠች፤ አንገቷን ደፋች። መኳንንት ሲያልፉ በእኛ አገር እንዲህ ነው የሚቀመጠው። ሎሴ አየቻትና እሷም ተቀመጠች። ከዚያ ሌሎቹም ተራ በተራ፣ በእርጥብ ቀሚሳቸው፣ በመንገዱ ዳር ተደርድረው ተቀመጡ።

ሳሌሲ ነገሩ አልገባውም። እንዲያውም ደስ አለው፤ አክስቱን ማክበራቸው መሰለው፣ እርምጃውን እንደ ሰልፈኛ አሳመረ።

"ይለፉ እሜቴ፤" አለች ቫሲቲ፣ አፈሩን እያየች።

በዚህ ሁሉ ዘመን፣ በዚያ ሁሉ ስድብና ሳቅ መሃል፣ ቫሲቲ እሜቴ ብላት አታውቅም። ሲሊካ ማለፍ አልቻለችም። ከቫሲቲ አጠገብ እሷም አፈሩ ላይ ተቀመጠች፤ ትከሻቸው ሊነካካ ደረሰ።

"ቫሲቲ፤" አለች። "አንቺ ቫሲቲ።"

ቫሲቲ ተነሳች። የቀሚሷን ጠርዝ ጨመቀችው፤ ውሃው አፈሩ ላይ ተንጠባጠበ። ሄደች። ሎሴም ተነሳች፤ ሌሎቹም። የተሳደበ የለም፤ ዞር ብሎ ያየም የለም።

ሳሌሲ ከፊት ሆኖ የአክስቱን ኮቴ ሲያጣ ተመልሶ መጣ። "ወደቁ እንዴ አክስቴ?" አለ ደንግጦ። አክስቱ መሬት ላይ ተቀምጣ እሱ ከበላይዋ መቆም ስለማይሆንለት ባልዲውን እቅፍ አድርጎ እሱም ቁጢጥ አለ። ኦክቶፐሱ አንድ ክንዱን በባልዲው አፍ ሲያወጣ ሳሌሲ በጣቱ ቀስ አድርጎ መለሰው። ሲሊካ መንገዱን ተመለከተች። የመጨረሻዋ ሴት ወደ ግቢዋ ታጠፈች።

"የት ላስቀምጥልዎ አክስቴ?" አላት ቆይቶ።

"ቤት አድርሰው፤" አለችው።